የትምህርት ቤቶች ወንፈል

በይፋት ቆላ የማሽላ አረም ሲበዛ ገበሬ ጎረቤቱን ይጠራል። አጠራሩ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ደግሶ መንደሩን በሙሉ ከጠራ ደቦ ነው። «ዛሬ የእኔን፣ ነገ የአንተን» ብሎ ከተስማማ ደግሞ ወንፈል ነው። በወንፈል ትልቅ ድግስ የለም፤ ዕዳው የሚከፈለው በጉልበት ነው። አንድ ቀን ለመጣልህ ሰው አንድ ቀን ትሄድለታለህ። ወንፈል የገባ ሰው የጎረቤቱን አረም ማየቱ አይቀርም፤ የሚያየው ግን አጎንብሶ እየነቀለ ነው። ቆሞ እየቆጠረ የሚያይ ሰው ሌላ ነው፤ ገበሬውም ለእርሱ ሌላ ስም አለው።

ይህን ያነሳነው ስለ እርሻ ለመጻፍ አይደለም። የአንድ ትምህርት ቤት ጉድለት ማን ይየው? ካየው በኋላስ ምን ያድርግ? የሚለው ጥያቄ በአገራችን ሰማንያ ዓመት አልፎታል። መልሱም በየዘመኑ ስም እየለወጠ መጥቷል፤ ኢንስፔክሽን፣ ሱፐርቪዥን፣ እንደገና ኢንስፔክሽን፣ እንደገና ሱፐርቪዥን፣ ጉድኝት፣ ግምገማ። ከእነዚህ ስሞች በስተጀርባ ያለው ክርክር ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የሚያየው ዐይን ከላይ ይምጣ ወይስ ከጎን?

የማስመስከሪያው ዘመን

ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት በአገራችን የትምህርት ሚኒስቴር አልነበረም። ትምህርት ግን ነበረ፤ ደረጃም ነበረው። ደረጃውን የሚጠብቁት ጉባኤ ቤቶቹ ራሳቸው ነበሩ። ድጓ የተማረ ሰው የትም አገር ይማር፣ ከማንም መሪጌታ እግር ሥር ይቀመጥ፣ የሙያው ማስመስከሪያ የጋይንቷ ቤተልሔም ነች። ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ አለ። ቅዳሴ ከሆነ ደብረ ዓባይ ወይም ሰሌልኩላ ነው። ተማሪው በዚያ ሲፈተን ከኋላው ያለው መምህሩም አብሮ ይፈተናል። ዜማው ከተዛነፈ ይታረማል፤ የታረመውንም ይዞ ወደ መጣበት አገር ይመለሳል። መንገድ፣ ፖስታና ማተሚያ ቤት ባልነበረበት ዘመን የሩቅ ለሩቅ ደብሮች ዜማ ሳይበታተን የቆየበት አንዱ ምስጢር ይህ ነው።

የቅኔ ቤቱም እንዲሁ ነው። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ መጀመሪያ ለአስነጋሪው ያሰማል፤ ከዚያ በጉባኤ ፊት ለመምህሩ ይነግራል፤ ጓደኞቹ እየሰሙ ይታረማል። ጎንጅ፣ ዋሸራና ዋድላ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መንገድ አላቸው። አንዱን የጨረሰ ተማሪ ኮሮጆውን አንግቶ ወደ ሌላው የሚሄደው የፊተኛውን ንቆ ሳይሆን ጎደሎውን ሊሞላ ነው።

የይፋት ምድር ደግሞ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱ ትልቅ ድርሻ አለው። የወላስማ ሥርወ መንግሥት የይፋት ሱልጣኔት በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተነሣው በዚሁ ምድር ነው። ከዚህ አካባቢ ወደ ካይሮ የተሻገሩ ተማሪዎች በአል አዝሀር «ጀበርት» በሚለው የአገራቸው ስም የሚጠራ ማደሪያ ነበራቸው፤ ታዋቂው የግብጽ ታሪክ ጸሐፊ አብዱራህማን አል ጀበርቲም የዚያው ዘር ነው። በኋላ ዘመንም ደረሳው ለአንዱ የትምህርት ዘርፍ ከአንዱ ሸህ፣ ለሌላው ከሌላው ዘንድ ይዞር ነበር። ለምሳሌ ፊቅህ የፈለገ ወደ የጁ፣ ወደ ዳና ይጓዛል። ሸሁ የሚሰጠው ኢጃዛም የእርሱን ስም ብቻ ሳይሆን ዕውቀቱን የተቀበለባቸውን መምህራን ሰንሰለት የሚጠራ ነበር።

ይህን ሥርዓት አለ መጠን ማሞገስ አያስፈልግም። በሩ ለሴቶች እምብዛም አልተከፈተም። ደግሞም ማስመስከሪያው ሰውን ይመዝን ነበር እንጂ ቤቱን አይደግፍም ነበር። መምህሩ የሞተበት ወይም ረሃብ የበተነው ጉባኤ ቤት ይዘጋል፤ ተማሪውም ሌላ ይፈልጋል። መመዘን ነበረ፤ መደጋገፍ አልነበረም። ይህ ጉድለት ወደ ዘመናዊውም ትምህርት ቤት ሳይሻገር አልቀረም።

ከላይ የሚመጣው ዐይን

የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈቱ ተቆጣጣሪያቸው ቤተ መንግሥቱ ራሱ ነበር ማለት ይቻላል። የትምህርት ሚኒስቴር በ1922 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ወዲያው ግን የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ መጣና የተጀመረውን ሁሉ በተነው። ትምህርት ቤቶች እንደገና የተከፈቱት ከድል በኋላ ነው። ኢንስፔክሽንም በ1934 ዓ.ም. ተጀመረ።

ኢንስፔክተሩ ሊያየው የሚመጣው ነገር የታወቀ ነበር። የስም መጥሪያው ተሞልቷል ወይ? መምህሩ የትምህርት ዕቅድ አለው ወይ? ግቢው ጸድቷል ወይ? አዲስ የተቋቋመ ሥርዓት እንዲህ ያለ ጠባቂ ያስፈልገው ነበርና ጥፋት አልነበረም። ችግሩ ሌላ ነው። ጣርማ በርን በዋሻው አልፎ ወደ ይፋት ቆላ የሚወርድ ኢንስፔክተር የሚያየው የመጣበትን ቀን ብቻ ነው። የሚያየውም የተጠረገ ግቢ፣ ዝም ያለ ክፍልና አዲስ ሸሚዝ የለበሰ መምህር ነው። መኪናው ሲመለስ አቧራው ሳይበተን ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል።

የትምህርት ቤቱ ቁጥር እየበዛ የኢንስፔክተሩ ዐይን እየደከመ ሄደ። በ1955 ዓ.ም. ስሙ ተለወጠና ሱፐርቪዥን ተባለ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ከእንግዲህ የሚመጣው ሰው መምህሩን ይርዳ እንጂ አይቆጣጠር የሚል ነው። በ1974 ዓ.ም. ግን ሁሉን ነገር ከማዕከል በሚያቅደው በደርግ ዘመን ወደ ኢንስፔክሽን ተመለሰ። አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በ1986 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ደግሞ እንደገና ሱፐርቪዥን ሆነ። ስሙ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተለውጧል። መምህሩ ግን የስሙን ለውጥ ብዙም ሳያጤነው አልቀረም፤ የሚመጣው ያው ከበላይ መሥሪያ ቤት ነው፣ የሚይዘውም ያው ቅጽ ነው፣ የሚጽፈውም ሪፖርት ወደ ላይ ነው።

ቡሽ፣ ካርቶንና ጆንያ

ከዚህ የስም ልዋጭ ጎን ለጎን ብዙም ያልተወራለት ሌላ ነገር ነበር። በደርግ ዘመን፣ በተለይ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከታወጀ ወዲህ፣ ትምህርት ቤት ባልነበረበት ገጠር ሁሉ ትምህርት ቤት ሲበዛ ለሁሉም የሚሆን መርጃ መሣሪያ ከውጭ ማምጣት የማይታሰብ ሆነ። በዚያን ጊዜ የአውራጃ ፔዳጎጂ ማዕከሎች ተቋቋሙ። የተለያየ ትምህርት ቤት መምህራን በአንድ ቦታ እየተሰበሰቡ ከካርቶን፣ ከቡሽ፣ ከሸክላና ከእንጨት የማስተማሪያ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። በጆንያ ላይ የተሳለውን የአፍሪካ ካርታ የማያስታውስ የዚያ ዘመን ተማሪ ጥቂት ነው።

ካርታው አንዳንዴ ጠማማ ነበር። ዋናው ቁም ነገር ግን ካርታው አልነበረም። አንዱ መምህር ክፍልፋይን እንዴት እንደሚያስረዳ ሌላው የሚያየው፣ «የእኔ ተማሪዎች ይህ አልገባቸውም» ብሎ ሳያፍር የሚናገረው፣ እጁ ሙጫ ነክቶ ከባልንጀራው ጋር ሲሠራ ነው። ማዕከሉ ውስጥ ውጤት የሚሞላ ሰው በአጠገቡ ስለማይቆም መምህሩ ጉድለቱን አይደብቅም። ይህ የወንፈል መንፈስ ነበር፤ ማንም ግን ወንፈል ብሎ አልጠራውም።

ጉድኝት

በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የመጣው ጉድኝት ይህንኑ መንፈስ መዋቅር አድርጎ ያቆመው ነው። ቅርብ ለቅርብ ያሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች በአንድ ይጎዳኛሉ። ከመካከላቸው የተሻለው የጉድኝት ማዕከል ይሆናል፤ የቀሩት ሳተላይት ይባላሉ። ቤተ መጻሕፍቱን፣ የማባዣ መሣሪያውንና የመርጃ መሣሪያ ክፍሉን በጋራ ይጠቀማሉ፤ መምህራኑ በየትምህርቱ እየተገናኙ ይወያያሉ፤ አንድ የጉድኝት ሱፐርቫይዘርም በመካከላቸው ይመላለሳል። ቤሶ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው በአሜሪካ መንግሥት የሚረዳ ፕሮግራም በትግራይና በደቡብ አሠራሩን ሲያስፋፋ ቆየ፤ በኋላም አገር አቀፍ ሆነ።

ሐሳቡ የእኛ ብቻ አልነበረም። በቦሊቪያ ተራራማ ምድር በ1931 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የዋሪሳታ ትምህርት ቤት የአካባቢውን ትናንሽ የገበሬ ትምህርት ቤቶች በዙሪያው አሰባስቦ እንደ እናት ይደግፍ ነበር። በሕንድ ከ1964 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. የሠራው የኮታሪ ኮሚሽን ጎረቤት ትምህርት ቤቶች በአንድ ስብስብ እንዲተባበሩ መክሯል። በጃፓን መምህራን የአንዱን ክፍል ሌላው ገብቶ ማየት፣ ከዚያም ስለ ሰውዬው ሳይሆን ስለ ትምህርቱ መወያየት፣ ከሜይጂ ዘመን የጀመረ ልማድ ነው። የጃፓን መንግሥት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለአገራችን የሒሳብና የሳይንስ መምህራን በሰጠው ድጋፍ ይህ አሠራር ወደ እኛም መጥቷል። በእንግሊዝ ዋና ከተማ ከ2003 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሎንዶን ትምህርት ቤቶች ዘመቻ ደግሞ የተሳካላቸው ዲሬክተሮች የደከሙትን ትምህርት ቤቶች እንዲደግፉ ተመድበው ነበር። ለከተማዋ ውጤት መሻሻል ይህ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ምሁራን ዛሬም ይከራከራሉ፤ ድርሻ የለውም የሚል ግን ጥቂት ነው።

በእኛ አገር ጉድኝት በወረቀት ላይ ያማረውን ያህል በመሬት ላይ አላማረም። በብዙ ቦታ ዕቃው የማዕከሉ ትምህርት ቤት ንብረት ሆኖ ቀረ፤ ቁልፉም በአንድ ሰው ኪስ ገባ። ሱፐርቫይዘሩ መጓጓዣ የለውም፤ አበልም የለውም። የሳተላይቱ መምህር የግማሽ ቀን መንገድ በእግሩ ተጉዞ የሚያገኘው ስብሰባ ሲሆን ሁለተኛ ለመምጣት እግሩ ይከብዳል። ዲሬክተሩም ቢሆን የራሱ ጣራ እያፈሰሰ የሌላውን እንዲያይ ሲታዘዝ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት ትዝ ቢለው አይፈረድበትም።

የሚያስፈራው ቃል

ይሁን እንጂ ጉድኝትን ከሁሉ በላይ የጎዳው የመኪናና የአበል እጦት አይመስለንም። የጎዳው እምነት ማጣት ነው። በአማርኛ «መገምገም» ማለት ዋጋውን ማወቅ፣ መመዘን ማለት ነው፤ በራሱ ክፉ ቃል አይደለም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግን ግምገማ ከትጥቅ ትግሉ ሜዳ ወደ መሥሪያ ቤት ወረደ። መምህራን በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ራሳቸውን እንዲሂሱ፣ ባልደረባቸውንም እንዲያጋልጡ ይደረግ ነበር። ከዚያ የወጣ ሰው እድገት ሊከለከል፣ ሊዛወር ወይም ስሙ ሊጠፋ ይችላል። በ2000ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ 1 ለ5 የሚባለው አደረጃጀት መጣ። እርስ በርስ መረዳዳት ነው ተብሎ ቢዋቀርም ብዙው ሰው የተረዳው እርስ በርስ እንደ መጠባበቅ ነው።

ታዲያ እንዲህ ባለ ዘመን ውስጥ ያለፈ መምህር «ጎረቤትህ ክፍልህ ገብቶ ይይህ» ሲባል ምን ይሰማዋል? ደግ ቃል ሁሉ የኋላ በር ያለው ይመስለዋል። ስለዚህ ሁለቱም ወገን ዘዴ አበጁ። ሊያይ የሄደው «በጣም ጥሩ ነው» ብሎ ይሞላል፤ ነገ ሲመጡበት እንዲሁ ይሞላለታል። ይህም መተጋገዝ ነው፤ የሚነቀለው ግን አረሙ አይደለም።

ተከታታይ የሙያ ማሻሻያው የገጠመው ዕጣም ይኸው ነው። መምህሩ በዓመት 60 ሰዓት ከባልደረቦቹ ጋር እንዲማማር ታዘዘ፤ ለዚህም ማስረጃ ፖርትፎሊዮ እንዲያዘጋጅ ተጠየቀ። በብዙ ትምህርት ቤት ማኅደሩ ወፈረ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ነገር ግን ባለበት ቆየ። በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብር ትምህርት ቤቱ ራሱን በራሱ እንዲመዝን ጠየቀ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ኢንስፔክሽን ተመልሶ መጣ፤ 26 ስታንዳርዶችና አራት ደረጃዎችም ይዞ መጣ። በዚህ ጊዜ ግን ሱፐርቪዥኑን አልሻረውም፤ ከጎኑ ቆመ። መርሑ ትክክል ነው፤ የሚመዝን አንድ፣ የሚደግፍ ሌላ ይሁን ማለት ነው። በተግባር ግን ከወረዳ የሚመጣው ደጋፊ በኢንስፔክሽን መለኪያ መናገር ሲጀምር ትምህርት ቤቱ ሁለቱን መለየት ይሳነዋል።

በጀውሃና በሰንበቴ መካከል

ይህ ሁሉ በአንድ ትንሽ ቦታ ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ጀውሃ እንመለስ። ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ የደሴን አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን የያዘ ተጓዥ መጀመሪያ ጀውሃን፣ ቀጥሎ ሰንበቴን፣ ከዚያ አጣዬን ያገኛል። በእሑዱ የሰንበቴ ገበያ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ይገናኛል፤ ማሾና ማሽላው፣ ከብቱና ግመሉ ይለዋወጣል። በንጉሡም በደርግም ዘመን ይህ አካባቢ ይፋትና ጥሙጋ በሚባል አንድ አውራጃ ሥር ነበረ። ከ1984 ዓ.ም. በኋላ በተዘረጋው አስተዳደር ግን ጀውሃ ወደ ሰሜን ሸዋ፣ ሰንበቴ ወደ ኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሆኑ። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማራቸው ተገቢ ነው፤ በአንዱ ወገን በአማርኛ፣ በሌላው በኦሮምኛ ይማራሉ። ነገር ግን ጉድኝት የሚዋቀረው በወረዳ ውስጥ ነውና የአስተዳደሩ መስመር የትምህርት ቤቶቹም መስመር ሆነ። አንድ ፀሐይ የሚያቃጥላቸው፣ በአንድ ወቅት ተማሪያቸው ለአረምና ለአጨዳ የሚቀርባቸው ትምህርት ቤቶች ችግራቸው አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ የሌላውን የሒሳብ ክፍል የሚያይበት መደበኛ መንገድ የለም። ነጋዴ የሚሻገረውን መስመር መምህር አይሻገረውም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። በ2013 ዓ.ም. ከአጣዬ እስከ ሸዋ ሮቢት እሳት ነደደ። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ይህንኑ መንገድ ተከትሎ ወረደ። በጥር 2015 ዓ.ም. ጀውሃ ራሷ የግጭት ቦታ ሆነች። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ጦርነት ሳቢያም በክልሉ እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከላይ የሚመጣው ዐይን መንገድ ይዘጋበታል። ተማሪ ሲፈናቀል የሚቀበለው፣ መጽሐፍ ሲቃጠል ያለውን የሚያካፍለው፣ መምህር ሲጎድል ክፍል የሚደርበው ቅርብ ያለው ትምህርት ቤት ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የተባለው ለዚህ ይመስላል።

በሰላሙም አገር ቢሆን ነገሩ የሚያሳስብ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። በ2015ቱ ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ፈተናው መዝኗል፤ ከላይ የሚመጣው ዐይን ሊያየው የሚገባውንም አይቷል። ከዚያ በኋላ ግን የእነዚያን ትምህርት ቤቶች ደጃፍ ማን አንኳኳ? ዜሮ ከተባለው ትምህርት ቤት ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ሃያ ተማሪ ያሳለፈ ትምህርት ቤት ቢኖር የፊዚክስ መምህሩ መጥቶ አንድ ወር አብሮ እንዲያስተምር የሚፈቅድለት ማን ነው? ደመወዙስ በየት በጀት ይያዛል?

ታሪኩ የሚያስተምረን ሦስት ነገር ይመስለናል። አንደኛ፣ የሚመዝንና የሚያግዝ ሰው አንድ መሆን የለበትም። ጎረቤት ጉድለት አይቶ ወደ ላይ እንዲጽፍ ከተገደደ ያን ዕለት ጎረቤትነቱ ያበቃል። ያየውን ለባለቤቱ ይንገር፤ በዚያው ይብቃ። ሁለተኛ፣ መጎብኘት የጋራ መሆን አለበት። ማዕከሉ ሳተላይቱን ብቻ የሚያይ ከሆነ ሌላ ኢንስፔክተር ተጨመረ ማለት ነው። ትልቁ ትምህርት ቤትም ትንሹ መጥቶ እንዲያየው በሩን ይክፈት፤ ትንሹ የሚያስተምረው አያጣም። መቶ ተማሪ በአንድ ክፍል ይዞ ሥነ ሥርዓት የሚያስከብር የገጠር መምህር ለከተማው የሚነግረው አለው። ሦስተኛ፣ ጉድኝት የችግርን መስመር ይከተል እንጂ የአስተዳደርን መስመር ብቻ አይከተል። የጀውሃና የሰንበቴ መምህራን በወር አንድ ቀን ስለ ክፍልፋይ ቢነጋገሩ ወሰኑ አይናወጥም።

ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቀው የበላይ መሥሪያ ቤት ጥቂት እንዲታገሥ፣ ሁሉን ሪፖርት ላንብብ እንዳይል ነው። ገበሬው ወንፈሉን ለቀበሌ ሪፖርት አያደርግም፤ ማን የማን ዕዳ እንዳለበት ሁለቱ ያውቁታል። አረሙ መነቀሉም የሚታወቀው በመኸር ነው።